ሆን ብለህ የተሸነፍክ ዕለት

ውድ ልጄ፣

ደህና ነኝ። ግፊቴም ደህና ነው፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው ይንቋቋል፣ ሆዴም ያገኘውን ይፈጫል። ይህን ያስቀደምኩት ደንግጠህ ለነርሷ እንዳትደውል ነው። የምጽፍልህ ታምሜ ሳይሆን ተናድጄ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ይችን ግን እስከ መጨረሻዋ ታነባታለህ።

ባለፈው ወር ፈርመህ የላክኸውን ወረቀት አይቼዋለሁ። «እናቴ ማሸነፍና መሸነፍ ካለበት ጨዋታ ሁሉ እንድትገለል ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማህ አለ። ያን ፊርማ በልጅነትህ የተለማመድከው እኔ ልብስ በምቆርጥበት ወረቀት ላይ ነበር። በእሱው መልሰህ እኔን ቆረጥከኝ። ጉድ እኮ ነው!

አንተ የሰማኸው ነርሷ የነገረችህን ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

እዚህ መጦሪያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከምሳ በኋላ አራት ሆነን መስኮቱ አጠገብ ዳማ እንጫወታለን። ሁለት ለሁለት ነው። አንድ ጠጠር እኔ ከገፋሁ ቀጣዩን የምትገፋው ጓደኛዬ ናት፤ በመካከላችን መነጋገር ክልክል ነው። የእኔ ጓደኛ እትዬ ዝምታ ናት። የልጆቿ ስም ይጠፋባታል፤ ምሳ በልታ ሳህኑ ሳይነሳ «ምሳ አልደረሰም?» ትላለች። ዳማው ላይ ግን እጇ አይረሳም። እኔ ያላየሁትን መንገድ አይታ፣ ሁለት ጠጠር በልታ፣ ቀና ብላ ፈገግ ትልልኛለች። በተቃራኒው ጋሼ ፍሬንና መምህሩ አሉ። ጋሼ ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጠጠር ያለ ቦታው ከገፋ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለኝ» እያለ ሊመልስ ስለሚሞክር ነው ስሙን ያወጣንለት። መምህሩ የሰው አነጋገር ሲያርም ይውላል፤ የራሱን ጨዋታ ማረም ግን አልቻለም።

እነዚህ ሁለቱ በሳል እንደሚጠቃቀሱ ደረስኩባቸው። አንድ ሳል «ተው» ነው፤ ሁለት ሳል «ብላ»። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ የሳለ ሰው አንድ ጠጠር ይቀጣል። አረጋውያን በሞሉበት ቤት ሳል ከልክዬ አረፍኩት። ታዲያ አንድ ቀን መምህሩ ሦስቴ ሳለ።

«ሦስት ጠጠር አምጡ!» አልኩ።

«ጉንፋን ነው እኮ እትዬ! እናቴን!» አለ ጋሼ ፍሬን፣ የሳለው ሌላ፣ የማለው እሱ።

«የመምህሩ ጉንፋን ጠጠራችሁ አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው እንዴ የሚነሳበት?»

ይሄኔ ጋሼ ፍሬን ሰሌዳውን በጥፊ አለው። ጠጠሩ ሶፋ ሥር ሁሉ ተበተነ። መምህሩ ሊለቅም ጎንበስ ብሎ መነሣት አቃተው፤ እሱን ሳይ ሳቅ አፈነኝ፤ ሳቁ ትን አለኝ፤ እንባዬ ወረደ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ክንዴን በግፊት መለኪያው ጠቀለለችው። እንዲያ እየሳቀ ግፊቱ የማይጨምር ሰው ካለ አሳየኝ! በማግስቱ ዳማው ካዝና ገባ፣ ላንተም ተደወለ፣ አንተም ፈረምክ።

በዳማው ፋንታ ምን እንደሰጡን ታውቃለህ? ፊኛ! ክብ ሠርተን ተቀምጠን ፊኛ እንቀባበላለን። ማንም አያሸንፍም፣ ማንም አይሸነፍም። ፊኛዋ እጄን ነክታ ባለፈች ቁጥር አንዲት ልጅ እግር አጫዋች «ጎበዝ እማማ!» ብላ ታጨበጭብልኛለች። አርባ ዓመት ሙሽራ ያለበስኩ ሰው፣ ቬሎ ሰፍቼ ያልተባልኩትን ፊኛ ነክቼ ጎበዝ ተባልኩ። እኔስ እሺ፣ እችለዋለሁ። እትዬ ዝምታ ግን ፊኛዋን ጭኗ ላይ ይዛት ትውላለች። ሳምንት ሳይሞላ ቀና ማለቱንም ተወችው። አንጀቴን በላችው።

ምን ቆርጦኝ ዝም ብዬ አያለሁ? የልብስ ቁልፍ የማጠራቅምበትን ቆርቆሮ አወጣሁ። ጥቁር ቁልፍ ሞልቶኛል፤ ነጩ ስላነሰኝ ከራሴ ካፖርት ላይ በጥርሴ በጠስኩ። ቀለም ቀቡ ብለው ከሰጡን የቢራቢሮ ሥዕል ጀርባ ላይ ሰሌዳ አሰመርኩ። ኮሪደር ላይ፣ ከሚዛኑ ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ፣ ለመመዘን ተራ የምንጠብቅ መስለን ተጫወትን። እትዬ ዝምታ ቁልፎቹን ስታይ እንዴት እንደሆነች ብታያት! ማንም ሳይነግራት ጥቁሮቹን ለቅማ ደረደረች። ካረጁ አይበጁ ያለው ሰው ከእሷ ጋር ዳማ አልገጠመም።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ያዘችን። መደበቁም ሰለቸኝና ቁልፎቼን በመሐረብ ቋጥሬ፣ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ አስተዳዳሪዋ ቢሮ ገባሁ። ወረቀትህን ያሳየችኝ ያኔ ነው።

«እማማ፣ እኛ እኮ ለልብዎ አስበን ነው» አለችኝ።

«ልቡ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው እስክሪብቶ አምጪ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

«ቅጹ የሚለው ‹የቤተሰብ ፊርማ› ነው።»

«የፈራሚው እናት ቤተሰብ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው፣ ልጄ?»

ሳቋ አመለጣት። ሐኪሙን ጠየቀችው፤ እሱም ይጫወቱ፣ ሳቅ ሲበዛባቸው ውሃ ይጠጡ አለ። ፈረምኩ። ዳማው ተመለሰ። አራታችንም መስኮታችን ጋ ተመለስን።

ታዲያ ምን ያናድድሻል ትለኛለህ። ስለ ፊርማውማ ይቅር ብዬህ ነበር፤ ፈርተህ ነው ብዬ። ያቃጠለኝ ያለፈው እሁድ ነው።

መጥተህ አንድ ዙር ገጠምን። መካከል ላይ ጠጠሬን ያለ ቦታው ገፋሁ፤ እውነተኛ ስሕተት ነበር። ሦስት ጠጠር በአንድ ዝላይ ትበላኝ ነበር። ዓይንህ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየሁት። አርፎም ቆየ። ከዚያ ዳር ያለች ጠጠር ገፋህና «ውይ እማዬ፣ መበያ መንገድ ጠፋኝ እኮ!» አልከኝ። ጨዋታው ሲያልቅም «አሸነፍሽኝ እኮ!» ብለህ ጉንጬን ሳምከኝ። እኔም ሳቅኩልህ። ከሄድክ በኋላ ከጎን ሲያየን የነበረው ጋሼ ፍሬን «አይቶታል አይደል?» ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ልጄ፣ በቁሜ ነው የቀበርከኝ።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያመኝ ነግሬህ አላውቅም። አባትህ በመጨረሻው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሳዘነኝና አንድ ቀን ሆን ብዬ ተሸነፍኩለት። እንዳንተው፣ ልበላው የምችለውን ጠጠር ትቼ ሌላ ገፋሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልተቆጣም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመና «በቃ፣ እንዲህ ሆንኩ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረ፤ አንድም ቀን እንጫወት አላለኝም። አንተ ስትጠይቀኝ አቅም አጥቶ ነው አልኩህ። ዋሸሁህ። አቅም ነበረው። እኔ ነኝ ጨዋታውን የገደልኩበት፣ በማዘኔ።

አንተን ግን እንዲህ አድርጌህ አላውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለህ ተሸንፈህ ስታለቅስ አባትህ «አንዴ እንኳ ተሸነፊለት፣ ምን ልብ ነው ያለሽ!» ይለኝ ነበር። አሻፈረኝ አልኩ። በአሥራ ሦስት ዓመትህ ያሸነፍከኝ ቀን ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ተቆጥታ ነው ብለህ በሩ ላይ ቆመህ ይቅርታ ጠየቅከኝ። ከደስታ እያለቀስኩ ነበር። ያን ድል የሰጠህ ሰው እንደሌለ አንተም እኔም ስለምናውቅ ነው እስከ ዛሬ የምታወራው። እኔንም እንደዚያ አክብረኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ና። ብርቱካንም ካልሲም አታምጣልኝ። አንተ ቤት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የአባትህ የዳማ ሳጥን አለ፤ እሱን ይዘህ ና። እሱ ከዘጋው ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ሦስቱ ተመልካቾች ናቸው፤ ጋሼ ፍሬን አሁንም አያምንህም፣ አፍጥጦ ነው የሚጠብቅህ። ከሳልክ ጠጠር ትቀጣለህ። ብሸነፍ ላኮርፍ እችላለሁ፣ ሰሌዳውንም ልገለብጠው እችላለሁ፤ ያኔ ውሃ ስጠኝ፣ ጠጠሩን ከሶፋው ሥር ልቀም፣ ከዚያ እንደገና ደርድር።

ልትራራልኝ ከሆነ ግን ቅር፣ እዚያው ፊኛህን ተጫወት። ካልሆነ ሳጥኑን አብረን እንክፈተውና፣ የምትችል ከሆነ አሸንፈኝ።

በአሥራ ሦስት ዓመትህ ያሸነፍካት፣
እናትህ