የልጅ ልጆቼ በቤቴ እንዲያድሩ

ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

ጥር 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

አመልካች፦ ገዱ የሺዋስ፣ ገበሬ፣ የአምባራስ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ከውጭ አገር ለጥየቃ የመጡ ሁለት የልጅ ልጆቼ ከቱሪስት ተለይተው በአያቶቻቸው ቤት እንዲያድሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን አቤቱታ የምጽፈው ቅር ብሎኝ ነው እንጂ ከማንም ተጣልቼ አይደለም። ነገሩን ከመነሻው እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1. ልጄ ሰብሌ አምባራስ ተወልዳ፣ ደባርቅ ተምራ፣ ከዚያ ኖርዌይ ወደሚባል አገር ሄዳ በነርስነት ትሠራለች። ከሄደች ወዲህ በአካል አላየናትም ነበር። ባሏ ምሥጋናው የዳባት ልጅ ነው፤ የተገናኙት ግን እዚያው በሰው አገር ነው። ሁለት ልጆች ወልደዋል። ትልቋ እሌኒ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ የኔሰው ገና የወተት ጥርሱን በመንቀል ላይ ነው። ሁለቱንም በስልክ ላይ ካልሆነ አይተናቸው አናውቅም።

2. በገና ሰሞን እንደሚመጡ ሲነግሩን የቤቴን ክዳን በአዲስ ሣር አስከደንኩ። ለልጆቹም ከእኛ መኝታ አጠገብ መደብ ሠራሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ አመተ ማርያም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከደጅ አይርቁም፤ መደቡን ግን ማንም እንዲነካባቸው ሳይፈቅዱ ራሳቸው ለቀለቁት። እንግዶች መጡ ሲባልም ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆመው ነበር።

3. በመጡበት ቀን ግን የፓርኩ ኬላ ጠባቂ ቻላቸው ውዱ ወረቀታቸውን አየ። ሰብሌና ምሥጋናው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን የሚያስረዳ ቢጫ ካርድ አላቸው። ልጆቹ የያዙት የውጭ ፓስፖርት ብቻ ስለሆነ እንደማንኛውም ቱሪስት ከመንደራችን በታች ባለው የፓርኩ ካምፕ በድንኳን ማደር እንዳለባቸው፣ ቀን ቀን ግን ከእኛ ጋር መዋል እንደሚችሉ ነገረን። ቻላቸውን አልወቅሰውም። የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ይህን ሲናገርም ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ሰብሌ ልትከራከር ስትል እኔው ከለከልኳት። ደንቡ የወጣው ለዋልያውና ለደኑ ታስቦ መሆኑን አውቃለሁ።

4. ወደ ካምፑ ስንሄድ እሌኒ እጄን ይዛ፣ «አባባ፣ አንተ ቤት ለማደር እኛ ምን መሆን አለብን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንተ» ያለችኝ በድፍረት አይደለም። አማርኛዋ እናቷ ቤት ውስጥ ለልጆቿ የምትናገረው ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምትለው፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ አላረምኳትም።

5. ልጆቹን ከእናት አባታቸው ጋር እዚያ ትቼ ቤቴ መቀመጥ አልሆነልኝም። የጠፍር አልጋዬን በበቅሎ ጭኜ ወደ ካምፑ ተመለስኩ። ቻላቸው አንድ ገበሬ በካምፑ እንዳያድር የሚከለክል ደንብ ቢያስብ አልመጣለትም። አልጋው በድንኳኑ በር አልገባ ስላለ ውጭ ተዘረጋልኝና ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ውርጩ ምሕረት አልነበረውም፤ ቢሆንም የኔሰው ሲያንኮራፋ በሸራው በኩል ይሰማኝ ስለነበር ብዙም አላማረርኩም።

6. በማግስቱ ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግራቸው «እኔስ?» አሉኝ። የሰፈሩ ጎልማሶች ቃሬዛ አምጥተው ተሸክመዋቸው ወደ ካምፑ ወረዱ። ቃሬዛውን ከማዶ ያዩ ሰዎች በጠና የታመመ ሰው መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ቄስ ገብረ ክርስቶስም ለኑዛዜ እደርስ እንደሆነ ብለው መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ግን ቃሬዛው ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ተሸካሚዎቹን ቀስ በሉ ይሉ ነበር። ደንግጦ የመጣን ሰው እንዲሁ መሸኘት ስላልተቻለ ለበዓሉ የተጠመቀው ጠላ፣ ዳቦውና የሙክቱ ሥጋ ከቤት ወደ ካምፑ ተጓዘ። ቄሱም ማዕዱን ባርከው አብረውን ተቀመጡ። በካምፑ የነበሩ ፈረንጆች ከእኛ ጋር በሉ። ከእነርሱ አንዷ ሴትዮ እስክስታ ልትሞክር ስትነሳ የኔሰው አስተማሪዋ ሆነ፤ እርሱ ራሱ የተማረው በዚያው ቀን ነው። ልጄ ሰብሌ እንደዚያ ስትስቅ በመጨረሻ ያየኋት የደባርቅ ተማሪ ሳለች ነበር።

7. ቻላቸው በመካከላችን እየተዘዋወረ እሳት በየቦታው እንዳይነድ ይለምን ነበር፤ በመጨረሻ እርሱም ደክሞት ቁጭ አለ። ሲነጋ ሣሩ ተረግጦ፣ አጥንቱ ተበትኖ ሳይ አፈርኩ። ከእሌኒና ከየኔሰው ጋር ሆነን ቆሻሻውን ስንለቅም አረፈድን። ካምፑ እንዲህ ላለ ድግስ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ወይዘሮ አመተ ማርያም ያለ ልጆቹ ወደ ቤት አልመለስም ብለው እስካሁን እዚያው ናቸው፤ እርሳቸው እስካሉ ድረስ ደግሞ ጠያቂ አይጠፋም። ዛሬም ከአዲ አርቃይ ዘመዶች እየመጡ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን የምለምነው፦

ሀ. እሌኒና የኔሰው ጥምቀትን አክብረው እስኪመለሱ ድረስ በእኔ ዋስትና በቤቴ እንዲያድሩ ይፈቀድልን። ከመንገድ ወጥተው ደን እንዳይገቡ፣ አውሬም እንዳያስደነግጡ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ለ. ወደፊትም አያቶቻቸው በመንደራችን የሚኖሩ ልጆች ከውጭ ሲመጡ የያዙት ፓስፖርት የየትኛውም አገር ቢሆን በቤተሰብ ዋስትና ተመዝግበው ከዘመዶቻቸው ጋር የሚያድሩበት መንገድ ይታሰብልን። ልጆቻችን በየአገሩ የተበተኑብን ሽማግሌዎች እዚህ ጥቂት አይደለንም።

ቻላቸው ውዱ የጻፍኩትን አንብቦ ያየውን ለመመስከር በገዛ ፈቃዱ ከስሜ በታች ፈርሟል። ይህም በሥራው ላይ ችግር እንዳያመጣበት አደራ እላለሁ።

የክቡርነትዎን በጎ ምላሽ በተስፋ እጠብቃለሁ። ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ገዱ የሺዋስ (ፊርማ)
ምስክር፦ ቻላቸው ውዱ (ፊርማ)

[በአቤቱታው ጠርዝ ላይ በኃላፊው እጅ የተጻፈ ምሪት]

ለአምባራስ ኬላ፦ ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ በአያቶቻቸው ቤት ይደሩ። ፊደል ለ. ላይ የቀረበው ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይታይ። ጠባቂው በምስክርነቱ አይጠየቅም። እኔም የጥምቀት ዕለት ለሥራ ወደዚያ ስለምወጣ እግረ መንገዴን ገብቼ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፤ በካምፑ ሳይሆን በቤታቸው እንዲጠብቁኝ ይነገራቸው።

ጥር 7 ቀን 2012 ዓ.ም.