የጠፈር ጣቢያው በር

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ ቤሪያ፣ ጆሃንስበርግ

በኮሮናው ምክንያት ዛሬም ቤት ዘግተን ዋልን። ልጄ ሊዲያ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ራሷ የሠራችውን የጠፈር ጣቢያ ተጫውቼ እንድተችላት ጠየቀችኝ። የክፍል ጓደኞቿ በሩን ማለፍ አቅቷቸው «ተበላሽቷል» ስላሏት ልትሰርዘው ተነሥታለች። ሁለት ሳምንት የለፋችበት ነው።

የጋዜጣ ጽሑፍ እንደማርም እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ቀይ በዝቶበታል። በዓለቶቹ መካከል ያለው ዝላይ ረዝሟል፤ ዘጠኝ ጊዜ ወድቄ ሞቻለሁ። በሩ ላይ «ሰዓቱን ፀሐይ የምትወጣበት ላይ አድርግ» ይላል። አሥራ ሁለት ላይ አደረግኩት፤ ተከፈተ።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?»

«ፀሐይ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው ታዲያ?»

ሳቋ አመለጣት። ጓደኞቿ ሁሉ በአገሩ አቆጣጠር ስድስት ላይ ሲያደርጉ ነው የከረሙት። የጆሃንስበርግ ልጅ ብትሆንም፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሰዓት የምትሰማው ከእኔና ከእናቷ አፍ ብቻ ነው።

«በቃ፣ ስድስት ላድርገው?»

«በሩን አትንኪው። አንባቢ ግን ግራ አይጋባ፤ አንድ መስመር ጨምሪበት።»

ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ «እዚህ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ይሆናል» ብላ ጻፈች። ዝላዩን ግን አላሳጥርም ብላ ተከራከረችኝ፤ ተረታሁ።

ከምሳ በኋላ ጓደኛዋ ታንዲ ደወለች። በሩን አልፋ ኖሮ ጩኸቷ ከስልኩ እኔ ድረስ ተሰማ።

«የት አገር ነው ሰዓት እንዲህ የሚቆጠረው?» አለቻት።

«እኛ ቤት» አለች ሊዲያ።