ከቆጣሪው ወዲህ ያለው አራት ሜትር

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ኩላሊትዎ፣ አጥንትዎ፣ ደምዎና በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እነዚህን ለይቼ መጥራቴ በክፉ አስቤ አይደለም፤ ሰሞኑን አንዲት የሕፃናት ሐኪም፣ እርሳስ የተባለው ብረት ከመጠጥ ውሃ ጋር ሰውነታችን ሲገባ የት የት ጎራ እንደሚል በጣቷ እየቆጠረች ስላስረዳችኝ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎችን አንድ በአንድ ስለቅም፣ ስደረድርና መልሼ ስበትን ኖሬአለሁ። ስለዚህ የግቢያችንን ቧንቧ በቁልፍ ጫፍ ጫር ባደረግሁትና ከጥቁር ግራጫው ሥር እንደ ብር ብልጭ ባለ ጊዜ፣ ማንነቱን ለማወቅ መታወቂያ አልጠየቅሁትም። እኔና እሱ የቆየ ትውውቅ አለን።

መሥሪያ ቤትዎ ያረጁ የእርሳስ ቧንቧዎችን ሊቀይር ወደ ሰፈራችን የመጣ ዕለት የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ቃላት ያጠሩኝ ግን ለደስታው ብቻ ስለሆነ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መንገዳችን ለሦስት ወር ተቆፍሮ ቆየ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደንበኞቹን የሚያሻግርበት ድልድይ ከአሮጌ በር ሠራ፤ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ለመለካት በዚያ ስትሻገር መላው ሰፈር ትንፋሹን ውጦ ተመለከታት። ይህን ለቅሬታ አላቀርበውም፤ ሌላ መዝናኛ ስላልነበረን እናመሰግናለን። የምረቃው ዕለትም ሪባን ቆርጠው፣ ከእንግዲህ ከቧንቧችሁ ያለ ሐሳብ ጠጡ ብለው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ንግግር አድርገውልናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከፊትዎ ተደርድሮ ጉሮሮዎን ያረጠቡበት የታሸገ ውሃ የየትኛው ፋብሪካ እንደነበረ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ።

፪ኛ. ከምረቃው በኋላ በደረሰን ማስታወቂያ ላይ፣ ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው ቧንቧ በአዲስ መቀየሩን፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የደንበኛው የግል ንብረት ስለሆነ መሥሪያ ቤቱን እንደማይመለከት አነበብን። በዕድሜዬ ይህ ነው የሚባል ሀብት ኖሮኝ ስለማያውቅ፣ የአራት ሜትር የእርሳስ ቧንቧ ባለቤት ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ንብረቴን ልቀይር ፈቃድ ስጠይቅ፣ ከቆጣሪ ጋር የተያያዘ ማናቸውንም ነገር መንካት በሕግ እንደሚያስጠይቅ መስኮት ቁጥር ሁለት ነገረኝ፤ ፈቃድ የሚሰጠው መስኮት ቁጥር ሦስት ነው፤ መስኮት ቁጥር ሦስት ደግሞ እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ከተንጠለጠለው ኮት ጋር ግን በሚገባ ተዋውቀናል።

፫ኛ. ውሃውን ሊመረምር የመጣው ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ ጠራረገ፤ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተ፤ ውሃው ሲንዠቀዠቅ የልጄን የአበባ ማሰሮዎች አንድ በአንድ እያደነቀ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ ከእርሳሱ ጋር ተኝቶ ያደረው ውሃ በዚህ መሐል ወደ ፍሳሹ ወርዶ አልቋል። ልጄ መምህርት ናትና አላስቻላትም፤ በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ውሃ ደፍቶ የሚጠጣ ሰው የለም አለችው። እሱም በትሕትና፣ እመቤቴ አሠራራችን እንዲህ ነው ብሏት፣ አበቦቹን እንድትጠብቅ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ውጤቱ ከሳምንት በኋላ ማኅተም ተመትቶበት መጣ፦ ለመጠጥ ተስማሚ ነው።

፬ኛ. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ሆኖም እርስዎም ቢሰሙት አይጠሉም። ልጄ ከዚያ የምርመራ ውጤት ደብዳቤ በፊት የመጠጥ ውሃ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በሁለት ጀሪካን እየተሸከመች ታመጣ ነበር፤ ቧንቧውን የጫርኩት እኔ፣ አምጪ ያልኳትም እኔ ነበርኩ። ደብዳቤው ሲመጣ ግን ታትሞ የወጣን ነገር ማመን የሙያ በሽታዬ ነውና፣ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩላትና ከእንግዲህ ወገብሽን አታጉብጪ አልኳት። እሷ አመነታች። እኔ ማኅተሙን አሳየኋት።

የልጅ ልጄ ያኔ የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረች። በቤታችን «አለቃ» ነው የምንላት፤ ከሌሎች አለቆች የምትለየው ሲጠሯት ወዲያው እየዳኸች በመምጣቷ ነው። የዱቄት ወተቷን በዚያ ውሃ አምስት ወር በጥብጬ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ደሟ ተመረመረና በልጅ ደም ውስጥ ሊገኝ የማይገባው እርሳስ ተገኘ። ሐኪሟ፣ የገባው ቶሎ እንደማይወጣ፣ ወደፊት ትምህርቷ ላይ ጉዳት ያመጣ እንደሆነም ዛሬ ማወቅ እንደማይቻል፣ አሁን በእጃችን ያለው ተጨማሪ እንዳይገባ ማድረግ ብቻ መሆኑን ነገረችን። እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ጀሪካኖቹን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ አጠበቻቸው፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

፭ኛ. በየግድግዳው የለጠፉት «ውሃዎን አፍልተው ይጠጡ» የሚለው ማስታወቂያ በፊደል አደራደሩ እንከን የለውም፤ ባለሙያ ነኝና ምስክርነቴን እሰጣለሁ። እርሳስ ግን እንደ ተውሳክ በእሳት አይሞትም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ እሱ እዚያው ይቀራል። አፍልተን በመጠጣታችን የተገኘው ትርፍ፣ እርሳሱን ጥቅጥቅ አድርገን መጠጣታችን ነው።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። አራቱን ሜትር ይቀይሩልን፤ ይህ ካልተቻለ እኛው እንድንቀይረው አንዲት ወረቀት ይስጡን፤ ውሃ የሚመረመረውም ሰው በሚጠጣበት አኳኋን፣ ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ከሚወርደው ከመጀመሪያው ብርጭቆ ይሁን።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ እንደ አዲስ ቧንቧ እንዳይዝግ፣ ንግግርዎ እንዳይቋረጥ፣ የሚቆርጡት ሪባንም እንዳያልቅብዎ ከመመኘት ጋር፣ ምንጊዜም ታዛዥዎና ባለ አራት ሜትሩ ባለንብረት፣

ከተመረቀው መንገድ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለው ቤት አባወራ

ግልባጭ፦
ለመንገዱ ነዋሪዎች በሙሉ
ለመስኮት ቁጥር ሦስት (ኮቱ እንዲያነበው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ልጄ ትዕግሥቷ አለቀና ልብስ ሰፊውንና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዛ ሲሚንቶውን አስፈነቀለች። አራቱን ሜትር ያለ ፈቃድዎ በግማሽ ቀን አወጣናቸው፤ እንደ ወንጀል ይቁጠሩልን። ሠራተኛው አዲሱን ቧንቧ ሊያገናኝ ከቆጣሪው ወዲያ፣ በእርስዎ በኩል፣ ጥቂት ቆፈረ። ቁልፌን አውጥቼ ጫር አደረግሁት፤ እንደ ብር ብልጭ አለ። የተቀየረው በመንገዱ መሐል የሚያልፈው ዋናው መስመር ብቻ ኖሯል፤ ከእሱ ወደየቤታችን የሚገባው በእግረኛው መንገድ ሥር እንዳለ ተቀምጧል። በእግረኛው መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ቧንቧው እንዴት ተቀየረ ብዬ ያኔ አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው። እንግዲህ የእኔ የሆነውን አውጥቼ ጥያለሁ፤ የቀረው በማስታወቂያዎ መሠረት የእርስዎ ነው። ለመዝገብ ያህል አንድ ነገር ብቻ ቢያስረዱኝ፦ ልጅቷ የጠጣችው የአምስት ወር እርሳስ፣ ምን ያህሉ ከቆጣሪው ወዲያ፣ ምን ያህሉ ከቆጣሪው ወዲህ ነው?