በሕይወት መኖሯ ያልተረጋገጠ የአራት ዓመት ልጅ ቀለብ

ለጓድ መርስዔ ኀዘን
የፋብሪካው ደመወዝ ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር
ግንቦት 26 ቀን 1976 ዓ.ም.

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ኃላፊ፣

በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ አምናለሁ፤ በሕይወት ለመኖርዎ የቀበሌ ማስረጃ ባይኖረኝም፣ ትናንት ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ ስላየሁዎት ለእኔ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለቤተሰብዎም እንዲሁ ጤና እመኛለሁ።

እኔ በልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር የምሠራ ባንቺአየሁ ነኝ። በፋብሪካዎ ማሽን የሚጠግነው አስማማው የልጄ የፅጌ ማርያም አባት ነው። ተፋትተናል። ከደመወዙ በየወሩ ሃያ አምስት ብር ለልጁ ቀለብ ተቆርጦ ለእኔ እንዲከፈል ፍርድ ቤት አዝዟል። ይህን የምዘረዝረው እርስዎ ስለማያውቁት አይደለም፤ ደብዳቤው በፋብሪካው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ አላፊው ሁሉ እንዲረዳው ነው። ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች በክብር ፋይል ውስጥ እንደተቀመጡ ሰምቻለሁና፣ ይህኛው ትንሽ ነፋስ ቢያገኘው ብዬ ነው።

በቅድሚያ ላመሰግንዎ። ገንዘቡ አንድም ወር ሳይቆረጥ ቀርቶ አያውቅም። ያልሆነለት ወደ ልጅቷ መድረስ ብቻ ነው።

አንደኛ። ከየካቲት ጀምሮ ሕፃኗ በሕይወት መኖሯ በየወሩ እንዲረጋገጥ አዝዘዋል። ለዚህ የተሰጠኝ ቅጽ ለጡረተኞች የተዘጋጀ ነው። «የቀድሞ መሥሪያ ቤት» የሚለውን ባዶ ብተወው፣ ጸሐፊዎ ባዶ ቦታ አይፈቀድም ብለው መለሱልኝ፤ የየካቲት ገንዘብ በዚሁ አለፈ። በሚቀጥለው ጊዜ «የእናቷ ማኅፀን» ብዬ ጻፍሁ። የአገልግሎት ዘመን፦ ዘጠኝ ወር። የተሰናበተችበት ምክንያት፦ ጊዜዋ በመድረሱ። ይህ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ቅጹ ከተሞላ በኋላም የቀበሌ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተም ያዡ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲወርዱም ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘውት ይወርዳሉ። በመጋቢት ማኅተሙ ስምንት ቀን ሲታጠብ ሰንብቶ፣ እኔ ቅጹን ይዤ ሚያዝያ አምስት ቀን ቀረብሁ። በደንብዎ መሠረት ደግሞ ከደመወዝ ቀን ከወሩ ሠላሳ ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ ያልተወሰደ ተቆራጭ ለባለደመወዙ ይመለሳል። ተመለሰ። አስማማው ፈርሞ ተቀበለ። ሲፈርም ምን እንደተሰማው አላውቅም። እሱን ለብቻው አነጋግረዋለሁ።

ሦስተኛ። በሚያዝያ ቅጹም ማኅተሙም በጊዜው ደረሱ። ያን ጊዜ ልጅቷ በአካል ትቅረብ አሉ። ይዣት መጣሁ። የበሩ ጠባቂ ሣህሉ «እትዬ፣ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ትእዛዙን የፈረሙት ራሳቸው ኃላፊው ናቸው» አለኝ። ቢሆንም አንጀቱ አልቻለም፤ ትከሻው ላይ አወጣትና ወደ እርስዎ መስኮት አዙሮ አቆማት። እርስዎም ከፎቅ ላይ በፋይልዎ ያለውን ፎቶግራፏን ይዘው አስተያዩ። እጇን አውለበለበችልዎ። ከዚያ «ከፎቶው ጋር አትመሳሰልም» የሚል ወረቀት ላኩልኝ።

እውነትዎን ነው። ፎቶው የተነሣው ገንዘቡ ይደርሰን በነበረ ጊዜ ነው። ያኔ ጉንጭ ነበራት።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር። ቁጥር ለእርስዎ ክፍል ይመቻል ብዬ እንጂ፣ የቀረው ነገር ቁጥር የሚቀበል አይመስለኝም።

ሦስት ወር ሙሉ ልጄን ያበላቻት ጎረቤቴ ዘይነት ናት፤ ቅመም ትነግዳለች። «አንቺ፣ ልጅቱን ላኪያት፣ ከኔዎቹ ጋር ትብላ፤ ደግሞ ደጄ ቆመሽ አትሽኮርመሚ» አለችኝ። ቅጽ አላስሞላችኝም። አሠራሯ ከደንብ ውጭ መሆኑን ባስረዳትም ልትታረም አልቻለችም። በዚህ ወር መጨረሻ ግን ንግዷን ይዛ ወደ ወረታ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ለልጄ ያለው የእርስዎ መስኮት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ከቀበሌ በተመለስን ቁጥር ፅጌ ማርያም ቀሚሴን ትይዝና «እማዬ፣ ዛሬ አለሁ?» ትለኛለች። አለሽ እላታለሁ። ጥቂት እርምጃ እንሄዳለን። ከዚያ ዞር ብዬ አያታለሁ። እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ዞር ብዬ አያታለሁ። ድሮ እንዲህ አላደርግም ነበር። ደንብዎ እኔም ውስጥ ገብቷል መሰለኝ።

ስለዚህ የግንቦት ቀለብ በሠላሳ፣ በራሷ በልጅቷ ስም፣ ሳይመለስ እንዲከፈል በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለፋይልዎ ውፍረትና ለመስኮትዎ ከፍታ ያለኝን አድናቆት እየገለጽሁ፣ ለሚያዘጋጁልኝ ማንኛውም ተጨማሪ ቅጽ ብዕሬን ሞልቼ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ
ባንቺአየሁ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተሙ ከተመለሰ
ለአስማማው፣ ማሽን ጥገና ክፍል

ማስታወሻ፦ በሠላሳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ፅጌ ማርያምን በሩ ድረስ አምጥቼ ለእርስዎ አስረክባለሁ፤ ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስም እርስዎ ዘንድ ትቆያለች። ቅጽ መሙላት አያስፈልግዎትም። በሕይወት መኖሯን ስድስት ሰዓት ሲሆን ራሷ ትነግርዎታለች፤ ይርባታል።