የይማም ስህተት

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ዛሬም አልከፈት አለ። መዝገቡ ማለቴ ነው፣ ማን የማንን ጥናት እንደጠቀሰ የሚቆጥረው የኢንተርኔቱ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ወደ ሰማይ አነሳለሁ፣ ባጃጁ አቧራውን ያለብሰኛል። ከሚሴ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ኅዳር መጨረሻ ይዘጋል። ሁለቴ ወድቋል። ደብተሬ፣ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከወደቅሁ እስከ ጡረታ ረዳት ፕሮፌሰር (ረ/ፕ/ር) እንደሆንኩ መቅረቴ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ የፊዚክስ ጥናቶቼ በሌሎች ስንቴ እንደተጠቀሱ ይቆጥራል። መዝገቡ ላይ ግን እኔ ሁለት ሰው ነኝ። የድሮ ጽሑፎቼ በአባቴ ስም «ይማም» ተብለው ተመዝግበዋል። ፓስፖርት ካወጣሁ ወዲህ ያሉት በአያቴ፣ «አሊ»። ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም ነው የሚይዘው። ሰይድ የምባለው ሰውዬ «S.» ነኝ፣ አንዲት ፊደልና አንዲት ነጥብ። ሃያ ዓመት ደክሜ፣ አንዲት ፊደል!

ጥቅምት 9
እናቴ ፊትህ ለምን ጠቆረ አለች። ነገርኳት። የይማም ስም ሰው አገር ተጠራ ወይ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አባቴ የጨፋ ገበሬ ነበር፣ ፊርማው የአውራ ጣቱ አሻራ። ሁለት ሰው በእርሻ ድንበር ሲጣላ ግን የሚጠራው እሱ። ይማም እዚህ ነው ካለ እዚህ ነው። ስሙ ደግ ቦታ ዋለ፣ አልሃምዱሊላህ አለች። ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 14፣ ረፋድ
ቀበሌ። ሰይድ ይማምና ሰይድ ይማም አሊ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ፈለግሁ። ሦስት ምስክር አምጣ ተባልኩ። ሸህ ሙሄ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ማሽላቸውን ለወፍ ጥለው፣ ሁለት ሰው አስከትለው መጡልኝ። ጸሐፊዋ ብትጠይቃቸው፣ «ወላሂ የይማም ልጅ ነው! አፍንጫው አይታይሽም ወይ?» ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ማኅተም ተመታ። ፊዚክሴን ያጸደቀ የለም፣ አፍንጫዬ ጸደቀ።

ጥቅምት 27
ተዋሃድኩ! መዝገቡ ደብዳቤውን ተቀበለ። የት/ክፍል ኃላፊው ደውሎ ቁጥሩ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል አለ። አብዛኛው የመጣው ከመጀመሪያው ጽሑፌ ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ የበረዶውና የውሃው ድንበር ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሙቀት እንዴት እንደሚጓዝ ካሰላሁበት። የጠቀሱኝን ሰዎች ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም፣ ሁሉም በክፍያ የተቆለፈ ነው። አንድ ወዳጄ ነገ እልክልሃለሁ ብሏል። ሰው ሆንኩ እንዴ?

ጥቅምት 28
ምነው ባላነበብኩ።
የመጀመሪያው፣ ይማም ያቀረበው ማረጋገጫ አይሠራም ይላል። ሁለተኛው እሱን ይደግማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ስም አውጥተውለታል፤ «የይማም ስህተት»። ተማሪ እንዳይሳሳት ምሳሌ ያደርጉታል። ስንቱ አገር ላይ የአባቴ ስም!
የራሴን ጽሑፍ ሦስተኛ ገጽ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ናቸው። ድንበሩ ይንቀሳቀሳል ብዬ ጀምሬ፣ መሐል ላይ እንደቆመ አድርጌ አስልቻለሁ። አባቴ ቦርከናን ድንበር አታድርጉ፣ ወንዝ ይሄዳል ይል ነበር። እየሰማሁት ነው ያደግሁት። ፊደል ያልቆጠረው ያወቀውን ዶ/ር ልጁ ሳተው። እፍረቱ!

ኅዳር 2
ኃላፊው ጋ ሄጄ ነገርኩት። ኮሚቴው ይቆጥራል እንጂ አያነብም፣ አብሽር፣ ዝም በል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ስህተቱን አምኜ ጽሑፌን ላወጣው መጽሔት ከጻፍኩ ጽሑፉ ይሰረዛል፣ ቁጥሩም ከማመልከቻዬ ይወጣል፣ አበቃ። በትዕግሥት አስረዳኝ።
ዝም እላለሁ። ስንቱ ዝም ብሎ ፕ/ር ሆኗል።

ኅዳር 5፣ ከጁምዓ መልስ
ሸህ ሙሄ መስጊድ በር ላይ ያዙኝ። ሹመቱ ደረሰ ወይ? ገና ነው አልኩ። ስለ አባቴ ያወሩ ጀመር። አንድ ጊዜ ድንበር ተሳስቶ ፈርዶ ኖሯል። ሲገባው በማግስቱ ሰዉን ሰብስቦ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ፣ ድንጋዩን በገዛ እጁ ነቅሎ መለሰው አሉ። ታዲያ ሰው አከበረው ወይ አልኩ። የት! ሁለት ክረምት ማንም አልጠራውም አሉ።
ይህን ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 1 ሰዓት
እናቴ ዱዓ ላይ ናት። ለሹመቴ። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ተስፋዬ ተሟጧል፣ ደብተሬ። ረ/ፕ/ር እንደተባልኩ እሞታለሁ፤ የሚጠራኝም አይኖርም፣ ሁለት ክረምት አይደለም ሃያ። ይሁን። ማመልከቻውን ቀድጄዋለሁ። ለመጽሔቱ እየጻፍኩ ነው። የሚሄደው በእንግሊዝኛ ነው፣ መጀመሪያ ግን ላንተ፦
ስህተቱ የሰይድ ነው። ይማም አባቴ ነው።