የሳቢና ቀይ ሻንጣ

ጃንዋሪ 24፣ ማክሰኞ

የአላሲታስ ገበያ፤ የተመኙት ነገር በትንሹ ተሠርቶ የሚሸጥበት፣ ሲባረክ እውነተኛው ይመጣል የሚባልበት። ሕዝቡ ለጉድ ነው። ሳቢና እንደ ወትሮዋ አውራ ጣት የምታህል ባለ ፎቅ ቤት ገዛችልኝ፤ እኩለ ቀን ላይ አስባረክናት። አምና ትንንሽ ጡብ ነበር የገዛችልኝ፤ ጡቡም መጣ። ታዲያ ዘንድሮ ፎቁ የማይመጣበት ምክንያት አለ?

የእሷ ተራ ሲደርስ ቀይ ሻንጣ አሳየችኝ። ትንሽዬ፣ እጀታ ያላት።

"እሷን ግዛልኝ። ባሕር ማየት እፈልጋለሁ።"

"ራስሽ አትገዢውም?"

"ለራስ የገዙት አይሰምርም። በየዓመቱ ነው እንዴ የምነግርህ?"

ሻጯ አምስት ቦሊቪያኖ አለች። ሦስት አልኳት፣ እምቢ አለች። ደግሞስ ቤትም ጉዞም ከተለመነ ምኞቱ ለሁለት ይከፈል የለ? እንዲያ ብዬ ሳቢናን አስረዳኋትና ትንሽ የሲሚንቶ ከረጢት ገዛሁላት። በሁለት ቦሊቪያኖ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስሞትም ሲሚንቶ ነው የምታለብሰኝ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ማርች 12፣ እሑድ

ከገበያ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሽ አጠራት። "እርጅና ነው" አለችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት እርጅና ነው እንዴ?

ሁለት ሱሪ ሰፍቼ አስረከብኩ። ገንዘቡ ለምንሠራው ፎቅ ፌሮ ይሆናል።

ሜይ 9፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ። ከዚህ ከፍታ ወርዳ አንድ ሁለት ወር ብትቀመጥ ይሻላታል። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሰማህ? አሪካ ባሕሩ ዳር ነው፤ ከፍታ የለውም። በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ። እንግዲህ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ!"

አፏ ይቀልዳል፣ ዓይኗ ግን አይቀልድም።

"የፎቁ ሶሌታ በሲሚንቶ ይሞላና በኦገስት እንሄዳለን።"

"ለማን ነው ፎቁ?"

"ለእርጅናችን ነዋ። አከራይተነው ቁጭ ብለን እንበላለን።"

ክንዴን ለቀቀችኝ። የሶሌታውን ብር ከነካነው መቼ ይሞላል? ሲሚንቶ በየሳምንቱ ይጨምራል... ትክክል ነኝ። አይደለሁም?

ጁን 17፣ ቅዳሜ

ሶሌታው ተሞላ! እንደ ልማዱ ለበረከት በአራቱም ማዕዘን ቢራ አፈሰስን። ሳቢና መውጣት ስላልቻለች ታች ወንበር ላይ ሆና አየች።

"ያምራል?" አልኳት።

"ከዚህ የሚታየኝ ፌሮው ብቻ ነው።"

የአሪካን ትኬት ዋጋ ጠየቅሁ፣ ለኦገስት 4። አልቆረጥኩም። ቀኑ ሲቃረብ ይረክሳል አሉኝ።

ጁላይ 3፣ ሰኞ

ሳቢና የለችም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እንዳለች...

ታች ያለው ቤት ለለቀስተኛው ስላልበቃ ፎቅ አስቀመጥነው። ግድግዳ የለው፣ ንፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። የሚወጣው ሁሉ "በርታ፣ ጥሩ ቤት ሠርተሃል" ይለኛል። ፎቁ የመጀመሪያ እንግዶቹን የተቀበለው ለሚስቴ ለቅሶ ነው።

ዛሬ መቃብሯን በሲሚንቶ መረጉት። ያን ቀን ስንስቅ ትዝ አለኝ።

ጁላይ 4

ምንም።

ኖቬምበር 1፣ ረቡዕ

የሙታን በዓል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነፍሷ ትመጣለች፤ ነገ በዚሁ ሰዓት ትመለሳለች። ልጃችን ኒዬቤስ የሙታኑን ጠረጴዛ ስታዘጋጅ እኔ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄድኩ። የሻንጣ ቅርጽ ጋግርልኝ ስለው ሳቀ።

"ዶን ዜኖን፣ ለነፍስ የሚጋገረው የምትወጣበት መሰላል ነው፣ የምትሄድበት ፈረስ ነው። የምን ሻንጣ?"

"እሷ የምትፈልገው ይሄንን ነው።"

ፊቴን አየና ሠራልኝ። እጀታዋ ትንሽ አርራለች።

ኒዬቤስ ጠረጴዛው ላይ ስታያት አለቀሰች። "አባዬ፣ በሕይወት እያለች ነበር እንጂ።"

እውነቷን ነው። እናትሽን ለእርጅናዋ ስቆጥብላት እርጅናው ሳይመጣ ቀረ ልበላት?

ጃንዋሪ 24፣ ረቡዕ

ከኒዬቤስ ጋር ገበያ ወረድን። የራሷን የስፌት መኪና ለመግዛት እየቆጠበች ነው፤ ትንሿን እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ገዛሁላት። ሻንጣም ጨመርኩላት።

"ምኞቱ ለሁለት አይከፈልም?" አለችኝ። እናቷ የነገረቻትን የራሴን ቃል።

"አይከፈልም። ያን ጊዜ ያልኩት ሻጯ ሁለት ቦሊቪያኖ ስላልቀነሰችልኝ ነው።"

ሌላ ቀይ ሻንጣ አነሳሁ። ያችው የአምናዋ ሻጭ ናት፤ እኔን አላስታወሰችኝም።

"ይቺስ ለማን ናት?"

"ለባለቤቴ።"

"እሰየው! ዘንድሮ ይዘሃት ትሄዳለህ፣ ታያለህ" ብላ መረቀችኝ። ኒዬቤስ ፊቷን አዞረች።

"ስንት ነው?"

"አምስት።"

ዘንድሮም አምስት ነው። አልተከራከርኩም።