ሙሃዮ ተከለችው የተባለው የወይን ሐረግ

ለክቡር ፋሩኽዞድ፣
የኹጃንድ ከተማ የነባር ሕንፃዎች እድሳት ጽሕፈት ቤት ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎና በሩን የሚከፍትልዎ ሾፌርዎ ጭምር እንደምን ከረማችሁ? አላህ ወገብዎን ከቁርጥማት፣ ወንበርዎን ከተመኚ ይጠብቅልዎ። እኔ ከጉልበቴና ከቅናቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ቅናቴን አልደብቅዎትም፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ ማንን አፍሬ! ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ አንጀቴ ድብን ብሏል፣ እህልም በወጉ አልወርድልሽ ብሎኛል።

ስሜ ሳኖባር ይባላል። ዛሬ ሆቴል ባደረጋችሁት በቀድሞው የመስኖ ዕቅድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የቦይ ንድፎችን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ስቀዳ ኖሬአለሁ። በምርቃቱ ቀን የጥሪ ካርድ ስላልደረሰኝ፣ ለዚህም ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፣ ከአጥር ውጭ ከሳምቡሳ ሻጮቹ ጋር ቆሜ ሁሉን አይቻለሁ። በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ። በሚያምር ወረቀት ያሳተማችሁት መጽሔት፣ ሕንፃውን የነደፉት ታላቅ ሰው የደቡቡን ገጽ በመስታወት ብቻ የተዉት «ከፀሐይ ጋር ለመወያየት» ነው ይላል። እንዴት ያለ ጨዋ ውይይት ነበር! እውነቱን ለመናገር፣ ግንበኞቹ ንድፉ የተሳለበትን ስስ ወረቀት በጀርባው አንብበውት፣ ፀሐይ እንዲከልል የታሰበውን የሲሚንቶ ጥልፍልፍ ፀሐይ በማይደርስበት በሰሜን በኩል ሰቀሉት። እዚያ እርግቦች ጎጆ ሠሩበት። እኛ በደቡብ በኩል የተቀመጥነው ሴቶች ግን ሐምሌ ሐሩሩን ይዞ በመጣ ቁጥር እንደ ቆሎ ተቆላን። አንድ ቀን ከግንባሬ የወረደ ላብ ቀለሙን አፍስሶት፣ የአንዱ መንደር ቦይ ወደ ሌላው መንደር ሊታጠፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሁለተኛ። ያን ሁሉ ቃጠሎ ያስታገሰው መጽሔታችሁ «አረንጓዴው መጋረጃ» ያለው የወይን ሐረግ ነው። ዘንጉን ከኢስፋራ፣ ከአባቴ ግቢ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ታቅፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀበት። በየዓመቱ በመስኮት እየወጣሁ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ይዤ፣ በሲባጎ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ያኔ አጠገቤ ተቀምጣ ንድፍ ትቀዳ የነበረችው ሙሃዮ ምን ትሠራ ነበር ቢሉኝ፣ ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ «ሳኖባር ጃን፣ እባክሽ ያችን የላይኛዋን ዘለላ ወርውሪልኝ፤ ፀሐይ የሳማት ትጣፍጣለች» ትለኝ ነበር። እወረውርላታለሁም። ሞኝ ነበርኩ።

አሁን በበሩ ላይ የሰቀላችሁት የነሐስ ሰሌዳ «ይህን ወይን የተከሉት ወይዘሮ ሙሃዮ» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው! በላይዋ ላይ ደግሞ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደረባችሁላት። ክቡርነትዎ፣ ስለ ካባው ዝም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ከአጥር ውጭ ሆኜ በዓይኔ ለክቼዋለሁ፤ ለእኔ ትከሻ ልክ ነበር። እሷማ ድሮም ትከሻ የላት፣ በግራ በኩል ተንሸራቶ እርስዎ ራስዎ ሁለት ጊዜ አስተካከሉላት።

ሦስተኛ። ሪባን መቁረጥማ የተሰለቸ ነገር ነው ብላችሁ ሙሃዮን የወይኑን ቅርንጫፍ በመቀስ አስቆረጣችኋት። በሚያዝያ! የጸደዩ አዲስ ዓመታችን ናውሩዝ ካለፈ በኋላ ወይን ላይ ብረት የሚያሳርፍ ሰው በዚህ አገር አለ? ውሃው ከሥር ሲወጣ የተቆረጠ ወይን ይንጠባጠባል፤ እንደ ተባለውም በሚያብረቀርቀው ጫማዎ ላይ ተንጠባጠበ። እርስዎ ግን ሳይደነግጡ «ይኸው፣ ወይኑም በደስታ አለቀሰ!» አሉ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አጠገቤ የቆመው ሳምቡሳ ሻጭ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አፓ፣ ተከልኩት የምትለው ይህቺ ናት? የተከለ ሰው በዚህ ወር ይቆርጣል እንዴ?» አለኝ። እቅፍ አድርጌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር በዚያ ቀን ያገኘሁት ክብር የለም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ካባው ይቅርባት አልልም፤ ትልበሰው፣ ይሙቃት። ሰሌዳው ላይ ግን የእኔ ስም ይጻፍልኝ። የልጅ ልጆቼ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚያ በር ያልፋሉ፤ ትንሿ በቅርቡ ማንበብ ጀምራለች። ሰኞ ዕለት ሰሌዳውን ጮክ ብላ አንብባ፣ «አያቴ፣ የተከልኩት እኔ ነኝ ብለሽን አልነበር?» አለችኝ።

ሥራ የበዛበት ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሚያንጸው ሁሉ ባለቤት የማያጣውን ጽሕፈት ቤትዎን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

በከፍተኛ አክብሮትና ከዚያም በከፋ ቅናት፣
ሳኖባር፣ ከኢስፋራ፣
የቀድሞዋ የሦስተኛ ፎቅ ንድፍ ቀጂ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሙሃዮ ተከልኩት ካሉ፣ ሥሩ የት እንዳለ ይጠየቁልኝ። ካሳዩዎት አፌን እስከ ዕለተ ሞቴ እዘጋለሁ። በአዲሱ እብነ በረድ ሥር መስሏችሁ እንዳትቆፍሩ፤ ያኔ የሕንፃው ኃላፊ የነበረው ሮዚቅ፣ አላህ ይማረውና፣ «ሴትዮ፣ የመንግሥት አፈር ብትነኪ ከሥራ ትወጫለሽ!» ስላለኝ የተከልኩት በገዛ ጓሮዬ፣ ከሕንፃው በሚያዋስነኝ ግድግዳ ሥር ነው፤ ሐረጉን ብቻ በቀዳዳው አሻገርኩላችሁ። ውሃ የማጠጣውም እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ውሃውን ዘግቼበት ነበር፤ አርብ ጠዋት አሳዘነኝና ከፈትኩለት። ለሚመጣው ሐሙስ ግን ለራሴም ዋስ መሆን አልችልም።